አንድ የግፊት መለኪያ ለምን ፈቃድ ይጠየቅበታል?

የምርምር መሣሪያዎች በወጪ ንግድ ቁጥጥር ደንብ እንዴት እንደሚመደቡ

የቫኪዩም ሥራ የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ትንሽ መሣሪያ አለ። በውስጡ እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረ ስስ የብረት ገበታ ይገኛል፤ ጋዝ በአንድ ወገን ሲጫነው ገበታው በመጠኑ ይጎብጣል፤ በመጉበጡም በገበታውና ከጀርባው በተተከለው ኤሌክትሮድ መካከል ያለው ካፓሲታንስ ይለወጣል። ግፊቱ የሚነበበው ከዚህ ለውጥ ነው። መሣሪያው ካፓሲታንስ ማኖሜትር ይባላል። ትልቁ ጥቅሙ የሚለካው ጋዝ አርጎንም ሆነ ናይትሮጅን ንባቡ አለመለያየቱ ነው፤ የሚመዝነው የጋዙን ግፊት እንጂ የጋዙን ዓይነት አይደለምና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሥራ ባልደረባችን በአርጎን ጋዝ ውስጥ ስስ የብረት ንጣፍ ለሚያዘጋጁበት ቤተ ሙከራ ይህን መለኪያ ከውጭ አገር አቅራቢ አዘዙ። ከአቅራቢው የመጣው ፕሮፎርማ ብቻ አልነበረም፤ አብሮት ቅጽ መጣ። ዕቃው በየትኛው ሕንፃ ይቀመጣል? ማን ይጠቀምበታል? የምን ጋዝ ይለካበታል? ለሌላ ወገን ይተላለፋል ወይ? ቅጹን የሞላው ክፍል «ለልዩ ልዩ የምርምርና የማስተማር ሥራዎች የሚውል» የሚል አንድ መስመር ጽፎ፣ ማኅተም አሳርፎ መለሰ። አቅራቢው እንደገና ጠየቀ፤ ያው መልስ እንደገና ተላከ። በዚህ የደብዳቤ ምልልስ ሁለት ሴሚስተር አለፈ። መለኪያውን ይጠብቅ የነበረው የማስተርስ ተማሪም የመመረቂያ ጊዜው በጣም ተቃረበ።

እውነቱን ለመናገር በወቅቱ ነገሩን እንደ ንቀት ቆጥረነው ነበር። ቆይተን ደንቡን አውጥተን ስናነብ ግን መለኪያችን በንግድ ስሙ ሳይሆን በአካላዊ ባሕርዩ ተጽፎ አገኘነው፤ የመመደቢያ ቁጥሩም 2ቢ230 ነበር። ከቁጥሩ ጀርባ ያለው ምክንያት ደግሞ የፊዚክስ ምክንያት ሆኖ ተገኘ። እንደ እኛ አስተያየት የምርምር መሣሪያን በወጪ ንግድ ቁጥጥር ደንብ መመደብ ለግዥ ክፍል ብቻ ሊተው የሚገባ የጽሕፈት ሥራ አይደለም፤ መሣሪያውን የሚያውቀው ባለሙያ ሊሳተፍበት የሚገባ ጉዳይ ነው። በሚከተሉት ገጾች ይህንኑ በምሳሌዎች ለማስረዳት እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቁጥሩ እንዴት ይነበባል?

ለሰላማዊ ሥራም ሆነ ለጦር መሣሪያ ሊውሉ የሚችሉ ዕቃዎች ባለ ሁለት አገልግሎት ዕቃዎች ይባላሉ። ምዕራባውያን መንግሥታት በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ከ1949 ጀምሮ ኮኮም በሚባል ኮሚቴ አማካይነት ወደ ሶሻሊስት አገሮች የሚሄደውን ቴክኖሎጂ ይቆጣጠሩ ነበር። ኮሚቴው በ1994 ፈረሰ፤ በ1996 የቫሴናር ስምምነት ሥራውን ጀመረ። ዛሬ 42 አባል አገሮች ሲኖሩት ከአፍሪካ አባል የሆነችው ደቡብ አፍሪካ ብቻ ናት። ከዚህ ሌላ ሦስት ቡድኖች አሉ፤ ህንድ በ1974 ካካሄደችው የኒውክሊየር ፍንዳታ በኋላ የተቋቋመው የኒውክሊየር አቅራቢዎች ቡድን፣ በኢራንና በኢራቅ ጦርነት የኬሚካል መሣሪያ በሥራ ላይ ከዋለ በኋላ በ1985 የተመሠረተው የአውስትራሊያ ቡድን፣ እንዲሁም በ1987 የተጀመረው የሚሳይል ቴክኖሎጂ ቁጥጥር ሥርዓት። አባላቱ በዝርዝር ላይ ይስማማሉ፤ ዝርዝሩን ሕግ የሚያደርገው ግን እያንዳንዱ መንግሥት በአገሩ ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ በይበልጥ የአሜሪካን ደንብ እንከተላለን። የአውሮፓ ኅብረት በ2021 ያወጣው ደንብም ለአብዛኞቹ ዕቃዎች ተመሳሳይ ቁጥር ስለሚጠቀም አንዱን ማንበብ የቻለ ሌላውንም ያነባል።

ቁጥሩ አምስት ምልክቶች አሉት። የመጀመሪያው ከ0 እስከ 9 ያለ አኃዝ ሲሆን ዘርፉን ይነግረናል፤ 1 ልዩ ቁሶችና ኬሚካሎች፣ 2 የቁሶች ማቀነባበሪያ፣ 3 ኤሌክትሮኒክስ፣ 4 ኮምፒውተር፣ 6 ሴንሰርና ሌዘር፣ 7 የአቅጣጫ መፈለጊያ፣ ወዘተ። ቀጥሎ የሚመጣው ፊደል ነው፤ ኤ መሣሪያውን ራሱን፣ ቢ የመፈተሻና የማምረቻ መሣሪያን፣ ሲ ቁሶችን፣ ዲ ሶፍትዌርን፣ ኢ ደግሞ ዕውቀቱን ያመለክታል። ሦስተኛው ምልክት ቁጥጥሩ የመጣበትን ምክንያት የሚጠቁም አኃዝ ነው። 0 ከሆነ የብሔራዊ ደኅንነት፣ 1 ከሆነ የሚሳይል፣ 2 ከሆነ የኒውክሊየር፣ 3 ከሆነ የኬሚካልና የባዮሎጂ መሣሪያ ሥጋት ነው ማለት ነው። ስለዚህ 2ቢ230ን ያነበበ ሰው ገና ወደ ዝርዝሩ ሳይገባ ሦስተኛውን ምልክት አይቶ የኒውክሊየር ጉዳይ መሆኑን ይገነዘባል። በየትኛውም ዘርፍ ተዘርዝሮ የማይገኝ ተራ ዕቃ በአሜሪካ ደንብ ኢኤአር 99 በሚባለው የመጨረሻ ቅርጫት ውስጥ ይወድቃል። የቤተ ሙከራ የመስታወት ዕቃና የተማሪ ማይክሮስኮፕ በዚህ ውስጥ ናቸው፤ ተቀባዩ ወይም የሚውሉበት ሥራ የተከለከለ ካልሆነ በስተቀር ወደ አብዛኞቹ አገሮች ያለ ፈቃድ ይላካሉ።

አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው አንድ ቃል አለ። ደንቡ ስለ መሣሪያዎች ሲናገር «የሚለካ» አይልም፤ «መለካት የሚችል» ይላል። ዕቃው የሚመደበው እኛ በምናደርግበት ነገር ሳይሆን ሊያደርግ በሚችለው ነገር ነው። የተጠቃሚው ማንነትና ዓላማ በኋላ፣ ፈቃድ ይሰጥ ወይስ አይሰጥ በሚባልበት ጊዜ ይታያል እንጂ ቁጥሩን አይለውጠውም። ብዙ የሥራ ባልደረቦቻችን «እኛ የምንሠራው ማስተማር ነው፤ ቁጥጥር ለምን ይመለከተናል?» ሲሉ እንሰማለን። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም የሚመለሰው በሁለተኛው ደረጃ ላይ ነው።

አኃዞቹና ምክንያታቸው

ወደ መለኪያችን እንመለስ። በ2ቢ230 ሥር የሚወድቀው ፍጹም ግፊትን መለካት የሚችል፣ ጋዙን የሚነካው ክፍል ከአሉሚኒየም፣ ከአሉሚና፣ ከኒኬል፣ ከ60 በመቶ በላይ ኒኬል ካለው ቅይጥ ወይም ሙሉ በሙሉ ፍሎሪን ከገባበት ፖሊመር የተሠራ ወይም በእነዚህ የተሸፈነ መለኪያ ነው። በዚህ ላይ የትክክለኛነት ወሰን ይጨመራል። የመለኪያው የመጨረሻ ንባብ ከ13 ኪሎ ፓስካል በታች ከሆነ ስሕተቱ ከዚሁ ንባብ 1 በመቶ ያነሰ፣ 13 ኪሎ ፓስካልና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ በ13 ኪሎ ፓስካል ላይ ስሕተቱ ከ130 ፓስካል ያነሰ መሆን አለበት። የ13 ኪሎ ፓስካል 1 በመቶ 130 ፓስካል ነውና ሁለቱ ወሰኖች በዚያች ነጥብ ላይ ይገጣጠማሉ። ለንጽጽር ያህል በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት ወደ 76 ኪሎ ፓስካል ይጠጋል፤ 13 ኪሎ ፓስካል የዚህ አንድ ስድስተኛ ገደማ ነው።

እነዚህ ቁሶች ለምን ተመረጡ? ዩራኒየምን በሴንትሪፊውጅ ለማበልጸግ በቅድሚያ ወደ ዩራኒየም ሄክሳፍሎራይድ መለወጥ ያስፈልጋል። ይህ ውሁድ በተራ ሙቀት ጠጣር ሲሆን በከባቢ አየር ግፊት 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ሳይቀልጥ በቀጥታ ጋዝ ይሆናል። በሴንትሪፊውጅ ውስጥ ተመልሶ ጠጣር እንዳይሆን በዝቅተኛ ግፊት ሊያዝ ይገባል፤ ግፊቱንም ያለማቋረጥ መከታተል የግድ ነው። ጋዙ ደግሞ ብዙ ብረቶችን ይበላል፤ እርጥበት ሲያገኝ እጅግ አደገኛ የሆነውን ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ይፈጥራል። ኒኬል፣ አሉሚኒየምና አሉሚና በአንጻሩ ይቋቋሙታል። እንግዲህ ደንቡ «ይህን ጋዝ መቋቋምና በዚህ የግፊት ክልል በትክክል መለካት የሚችል መለኪያ» ማለቱ ነው። የእኛ ባልደረባ አርጎን ብቻ ይለካሉ፤ ማኖሜትራቸው ግን ገበታው ከኒኬል ቅይጥ የተሠራ፣ ትክክለኛነቱም ከ1 በመቶ የተሻለ ነው። የመለኪያው አምራቾች ይህን ቅይጥ የሚመርጡት ዝገትን ስለሚከላከል እንጂ ስለ ዩራኒየም አስበው አይደለም።

ሁለተኛው ምሳሌ ማስ ስፔክትሮሜትር ነው፤ ቁጥሩ 3ኤ233 ነው። በዝርዝሩ ውስጥ የሚገባው 230 አቶማዊ የክብደት አሃድና ከዚያ በላይ ያላቸውን አዮኖች መለካት የሚችል፣ የመለየት ችሎታውም ከ230 ሁለት እጅ የተሻለ የሆነው ነው። አኃዞቹ ዩራኒየምን በግልጽ ይጠቁማሉ። ሁለቱ ዋና አይሶቶፖች 235 እና 238 በመሆናቸው ልዩነታቸው ሦስት አሃድ ብቻ ነው፤ ከ238 ሦስት ማለት ወደ 1.3 በመቶ ይጠጋል። ከ230 ሁለት ደግሞ 0.9 በመቶ ያህል ስለሆነ ይህን ወሰን ያለፈ መሣሪያ ሁለቱን ለይቶ ያነባል፤ የማበልጸጉን ሥራ ውጤትም መመርመር ይችላል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለእኛ አገር ተመራማሪዎች ቀላል አይደለም። በውኃ ውስጥ ያለውን እርሳስና አርሴኒክ ለመለካት የሚፈለገው በፕላዝማ የሚሠራ ማስ ስፔክትሮሜትር እስከ ዩራኒየምና ከዚያም በላይ ያነባል፤ ስለዚህ የጉድጓድ ውኃ ብቻ ቢመረመርበትም 3ኤ233 ነው። የኒውክሊየር አቅራቢዎች ቡድን አባል ወዳልሆነች እንደ ኢትዮጵያ ወዳለች አገር ከአሜሪካ ሲላክ ፈቃድ ያስፈልገዋል። በሌላ በኩል የድንቅነሽ ዕድሜ ወደ 3.2 ሚሊዮን ዓመት እንደሚጠጋ የታወቀው በአካባቢው ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ በአርጎን ዘዴ ተለክቶ ነው። ለዚህ ዘዴ የሚያስፈልጉት የአርጎን አይሶቶፖች ከ36 እስከ 40 ያሉት ናቸው። ንባቡ ለእነዚህ ብቻ እንዲሆን ተደርጎ የተሠራ መሣሪያ 230 ስለማይደርስ በዚህ ቁጥር አይያዝም። ሁለቱንም የሚያዩ ጎብኚዎች «ማስ ስፔክትሮሜትር» ብለው ያልፋሉ፤ ደንቡ ግን ይለያቸዋል።

ሦስተኛው ምሳሌ የሙቀት ካሜራ ነው። ታህተ ቀይ ጨረርን የሚያነብ ካሜራ በ6ኤ003 ሥር ቁጥጥር ይደረግበታል። ይሁን እንጂ ማቀዝቀዣ የማያስፈልገው ካሜራ በሴኮንድ ከ9 ምስል የማይበልጥ የሚያነሳ ከሆነ ከዚህ ቁጥር ወጥቶ ወደ ላላው 6ኤ993 ይዛወራል። ለምን 9? ስሌቱን አንባቢ ራሱ ሊሠራው ይችላል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ተሽከርካሪ በሴኮንድ 16.7 ሜትር ይጓዛል። በሴኮንድ 30 ምስል በሚያነሳ ካሜራ በሁለት ምስሎች መካከል የሚሄደው ግማሽ ሜትር ያህል ነው፤ በሴኮንድ 9 ምስል በሚያነሳው ግን 1.85 ሜትር ይሆናል። የሚንቀሳቀስ ዒላማን ለመከተል ይህ ዝላይ ትልቅ ችግር ነው። የሕንፃን የሙቀት ብክነት፣ የኤሌክትሪክ መስመርን መጋል ወይም የከብትን የሰውነት ሙቀት ለሚያጠና ሰው ደግሞ ምንም አይጎዳውም። እኛ ከሚታዩን ወሰኖች ሁሉ በብልሃት የተመረጠው ይህ ነው። ሲቪሉ የሚፈልገውን ሳይነካ ወታደሩ የሚፈልገውን ብቻ ይቀንሳል። ካሜራ የሚገዛ ባልደረባ ሥራው ዝግተኛውን የሚፈቅድለት ከሆነ ያንን ቢመርጥ ወራትን ያተርፋል።

አኃዝ ብቻውን ግን ሁሉን አይጨርስም። በ3ኤ228 ሥር የሚገኝ አንድ የኤሌክትሪክ ማብሪያ አለ፤ በትእዛዝ ብልጭታ እየፈጠረ በ15 ማይክሮ ሴኮንድ ወይም ባነሰ ጊዜ 500 አምፔርና ከዚያ በላይ የሚያሳልፍ ነው። በሆስፒታል የኩላሊት ጠጠርን ያለ ቀዶ ሕክምና በሚሰባብረው መሣሪያ ውስጥ ያገለግላል። በውኃ ውስጥ የሚፈጠረው ብልጭታ የግፊት ማዕበል ያስነሳል፤ ማዕበሉም በጠጠሩ ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል። ያው ማብሪያ የኒውክሊየር ቦምብ ፈንጂዎችን በአንድ ቅጽበት ለማቀጣጠል ሊያገለግል ይችላል። በ2003 በደቡብ አፍሪካ የሚኖር አንድ ነጋዴ ከአሜሪካ 200 ያህል አዘዘ፤ የመጀመሪያው ጭነት 66 ነበር። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ተቀባይ ሆስፒታል ሲሆን ዕቃው የተጓዘው ግን ወደ ፓኪስታን ነው። ሆስፒታል እንዲህ ያለውን ዕቃ በጣት በሚቆጠር ብዛት ስለሚገዛ ቁጥሩ ራሱ አጠራጠረ። ባለሥልጣናቱ አስቀድመው ስላወቁ አምራቹ ዕቃዎቹን እንዳይሠሩ አድርጎ ላካቸው፤ ነጋዴውም በጥር 2004 ተይዞ በ2005 የሦስት ዓመት እሥራት ተፈረደበት። አቅራቢዎች «ስንት ትፈልጋላችሁ? ለምን?» ብለው ሲጠይቁን ከበስተኋላቸው እንዲህ ያለ ታሪክ እንዳለ ማወቅ ጠቃሚ ነው።

ዕቃው ሳይንቀሳቀስ ዕውቀቱ ሲንቀሳቀስ

በቁጥሩ ውስጥ ኢ የሚለው ፊደል ዕውቀትን እንደሚያመለክት ተናግረናል። በአሜሪካ ደንብ ቁጥጥር የሚደረግበትን ቴክኖሎጂ እዚያው አሜሪካ ውስጥ ለውጭ አገር ዜጋ መግለጥ ወደ ዜጋው አገር እንደ መላክ ይቆጠራል። ድንበር ያለፈ ሣጥን የለም፤ ሕጉ ግን እንዳለፈ ያየዋል። ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው በዚህ አይያዝም።

እኛም በውጭ አገር በተማርንበት ዘመን ከምንሠራበት ቤተ ሙከራ ጎን የሚገኝ አንድ ክፍል በር ላይ «ለዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ብቻ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ ነበር። በየቀኑ አልፈነው እንሄዳለን፤ በውስጡ ምን እንዳለ ጠይቀን አናውቅም። ዛሬ ደንቡን ስናነብ ያን መሰሉ በር አንዳንዴ በሕግ፣ አንዳንዴ ደግሞ በፍርሃት ብቻ እንደሚዘጋ እንገምታለን። ምክንያቱም በአሜሪካ የንግድ ሚኒስቴር ደንብ የአንድ መሣሪያ «አጠቃቀም ቴክኖሎጂ» የሚባለው በአብዛኛው ማንቀሳቀስን፣ መትከልን፣ መንከባከብን፣ መጠገንን፣ ሙሉ እድሳትንና እንደ አዲስ ማደስን አንድ ላይ የያዘ ነው። በስድስቱ መካከል ያለው አያያዥ ቃል «እና» ነው እንጂ «ወይም» አይደለም። እንግዲህ አንድ ኢትዮጵያዊ የዶክትሬት ተማሪ 3ኤ233 በሆነ ማስ ስፔክትሮሜትር ናሙና ቢያነብ በዚህ ብቻ ፈቃድ የሚያስፈልገው ቴክኖሎጂ ተቀብሏል አይባልም። በአንዲት አያያዥ ቃል ምክንያት የምርምር ርዕሱን መለወጥ የማይኖርበት ተማሪ አለ ማለት ነው፤ ቃሏን አንብቦ የሚከራከርለት አማካሪ ካለው።

ሁለተኛው መከላከያ መሠረታዊ ምርምር የሚባለው ነው። በመስከረም 1985 በፕሬዚዳንት ሬገን ዘመን የወጣ መመሪያ ውጤቱ በተለመደው መንገድ የሚታተምና ለሳይንሱ ማኅበረሰብ የሚዳረስ ምርምር በተቻለ መጠን ያለ ገደብ እንዲቀጥል ወሰነ። በደንቡም ይህ ተካቷል፤ የታተመ ዕውቀትና በመደበኛ ኮርስ የሚሰጥ ትምህርት ነፃ ናቸው። ሆኖም ነፃ የሚወጣው ዕውቀቱ እንጂ መሣሪያው አይደለም። ተመራማሪው የገንዘብ ምንጩ ሕትመቱን እንዲከለክል ከተስማማ ደግሞ መከላከያው ይፈርሳል።

የፕሮፌሰር ሪስ ሮት ጉዳይ ይህን በመራራ መንገድ ያሳያል። በቴነሲ ዩኒቨርሲቲ የታወቁ የፕላዝማ ፊዚክስ ምሁር ነበሩ፤ በኢንዱስትሪያዊ ፕላዝማ ላይ የጻፉት መጽሐፍ በሙያው ውስጥ ይታወቃል። በአሜሪካ አየር ኃይል ውል በሰው አልባ አውሮፕላን ክንፍ ላይ የሚያልፈውን አየር በፕላዝማ ስለ መቆጣጠር ይመራመሩ ነበር። በዚህ ሥራ ላይ አንድ ቻይናዊና አንድ ኢራናዊ ተማሪ አሳተፉ፤ በ2006ም ከሥራው ጋር የተያያዙ ሰነዶችን በላፕቶፕ ይዘው ወደ ቻይና ተጓዙ። የዩኒቨርሲቲው የቁጥጥር ባለሙያ አስቀድመው አስጠንቅቀዋቸው ነበር። በ2008 ጥፋተኛ ተባሉ፤ በ2009 ሰባ ዓመት ባለፈው ዕድሜያቸው የአራት ዓመት እሥራት ተፈረደባቸው፤ ይግባኙም በ2011 ውድቅ ሆነ።

የፊዚክስ ሰው ይህን ሲያነብ ሊገረም ይችላል፤ በኤሌክትሮዶች መካከል በከባቢ አየር ግፊት የሚፈጠር ፕላዝማ በብዙ መጽሔቶች የታተመ ጉዳይ ነውና። ነገር ግን የጦር መሣሪያዎች ዝርዝር የሚመራው በአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሲሆን አስተሳሰቡም የተለየ ነው። የንግድ ሚኒስቴሩ ዝርዝር በአብዛኛው «ስንት?» ብሎ ይጠይቃል፤ የጦር መሣሪያው ዝርዝር ደግሞ «ለምን ተነደፈ?» ይላል። ፕላዝማው ያው ሆኖ በወታደራዊ ሰው አልባ አውሮፕላን ክንፍ ላይ እንዲሠራ ሲነደፍ ሌላ ዕቃ ይሆናል። ስለዚህ ማንኛውም ምደባ ሲጀመር መጀመሪያ የሚታየው የጦር መሣሪያው ዝርዝር ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ አኃዞቹ የሚኬደው። በእኛ ግምት የፕሮፌሰሩ ስሕተት የሚለካ ነገር በሌለበት እንደ ፊዚክስ ሊቅ ማሰባቸው፣ ውሉን ግን በሚገባ አለማንበባቸው ነው። ቅጣቱ ከብዷል የሚሉ አሉ፤ እኛም ከእነርሱ ብዙም አንርቅም።

አኃዞቹ ራሳቸው ያረጃሉ፤ አንዳንዶቹም ከጅምሩ ምክንያታቸው ግልጽ አይደለም። የቫሴናር ስምምነት የሚወስነው በሙሉ ድምፅ ሲሆን ሩሲያም አባል ናት፤ ከ2022ቱ የዩክሬን ጦርነት ወዲህ ዝርዝሩን ማደስ ስለከበደ በርካታ አገሮች የየራሳቸውን ማውጣት ጀምረዋል። በ2024 ብሪታንያ፣ ካናዳና አሜሪካ 34ና ከዚያ በላይ ኪዩቢት ኖሯቸው ስሕተታቸው ከተወሰነ ደረጃ ያነሰ ኳንተም ኮምፒውተሮችን ተቆጣጣሪ ዝርዝር ውስጥ አስገቡ። ለምን 34 እንደሆነ በወቅቱ ዘርዝረው አላስረዱም። ሁለትን 34 ጊዜ በራሱ ብናባዛ 17 ቢሊዮን ገደማ እናገኛለን፤ የ34 ኪዩቢቶችን ሁኔታ በተራ ኮምፒውተር ለመያዝ ይህን ያህል ውስብስብ ቁጥር፣ ማለትም 275 ጊጋ ባይት ያህል ማኅደረ ትውስታ ያስፈልጋል። ይህ ዛሬም በአንድ ጠንካራ ኮምፒውተር የሚቻል ነው። እንግዲህ ወሰኑ ከሚቻለውና ከማይቻለው ድንበር ትንሽ ወዲህ የቆመ ይመስለናል፤ ይህ ግን የእኛ ስሌት እንጂ የደንቡ ቃል አይደለም።

ወደ እኛ በር

ከዚህ ሁሉ በኋላ ቅጹ ጠረጴዛችን ላይ ሲመጣ ምን እንጻፍ? በመጀመሪያ የዕቃውን ቁጥር ከአቅራቢው መጠየቅ ነው፤ አቅራቢው ያውቀዋል። ቁጥሩን ከያዝን በኋላ የትኛው አኃዝ እንዳሳሰባቸው እናውቃለንና መልሳችን ያንን ይነካል። «ለልዩ ልዩ ምርምር» የሚለው ሐረግ በእኛ ቢሮዎች ልማድ ምንም የማያስነካ፣ ሁሉን የሚያቅፍ መልካም ሐረግ ነው፤ ፈቃድ ሰጪው ግን የሚያነበው «ዩራኒየምንም ሊጨምር ይችላል» ብሎ ነው። በምትኩ ጋዙ አርጎን መሆኑን፣ ግፊቱ ከ1 ፓስካል አካባቢ እንደማይርቅ፣ ክፍሉ በየትኛው ሕንፃ እንደሚገኝ፣ ኃላፊው ማን እንደሆነ፣ ስንት መለኪያ እንደሚፈለግና ለምን ያንን ያህል እንደሆነ መጻፍ ነው። ይህን ሊጽፍ የሚችለው ተመራማሪው ራሱ ነው።

በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችን ለተማሩበት ፋኩልቲ ለማገዝ ሲሉ ያገለገለ መሣሪያ በሻንጣ ይዘው መምጣታቸው የተለመደ ነው። አሳባቸው የሚያስመሰግን ነው፤ ሆኖም ስጦታም ወጪ ንግድ ነው፤ በሻንጣ መምጣቱም ምደባውን አይለውጠውም። የሙያ መሣሪያን ይዞ ሄዶ ይዞ ለሚመለስ ሰው የሚሰጥ ነፃነት ቢኖርም ትቶ መመለስ ሌላ ጉዳይ ነው። ከመነሳታቸው በፊት የዕቃውን ቁጥር እንዲያጣሩ ብንነግራቸው ለእነርሱም ለእኛም ይበጃል። እንዲሁም በፈቃድ የገባ የአሜሪካ ዕቃ በአገራችን ከገባ በኋላም ደንቡ ይከተለዋል፤ ለጎረቤት አገር ዩኒቨርሲቲ ብናስተላልፈው ዳግም ወጪ ተብሎ እንደገና ፈቃድ ሊያስፈልገው ይችላል። በሌላ በኩል የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በሚያዝያ 2004 ያሳለፈው ውሳኔ ቁጥር 1540 እያንዳንዱ አባል አገር በራሱ ግዛት ውስጥ ተመሳሳይ ቁጥጥር እንዲኖረው ያስገድዳል፤ ስለዚህ ቁጥሮቹን ማንበብ የሚችሉ ባለሙያዎች ለአገራችንም ያስፈልጓታል።

የባልደረባችን ማኖሜትር በሦስተኛው ደብዳቤ መጣ፤ ያን ደብዳቤ የጻፉት ራሳቸው ናቸው፤ አንድ ገጽ ተኩል ነበር። ተማሪው ግን አልጠበቀውም። በቤተ ሙከራው በነበረ፣ የጋዝን ሙቀት የማስተላለፍ ችሎታ ተጠቅሞ ግፊትን በሚያነብ አሮጌ መለኪያ ሠራ። ይህ ዓይነቱ መለኪያ በማኖሜትር ቁጥር አይያዝም፤ ንባቡ ደግሞ እንደ ጋዙ ዓይነት ይለያያል። ስለዚህ ለአርጎን የሚሆን የማስተካከያ መስመር አውጥቶ እያንዳንዱን ንባብ በእጁ አረመ፤ የመመረቂያ ጽሑፉም አንድ ምዕራፍ ጨመረ። ማኖሜትሩ ከደረሰ በኋላ ሁለቱ ጎን ለጎን ተገጥመው ሲነጻጸሩ መስመሩ በ1 ፓስካል አካባቢ ያለው ስሕተት 8 በመቶ ያህል ሆኖ ተገኘ።